እትብቷ የታሰረበት ዛፍ

ኖሙ ባህርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በፓኪን ትከሻ በኩል ነው። ሁለት ረድፍ አግዳሚ ወንበር ባለው ክፍት መኪና ላይ ከሚያስጎበኟቸው እንግዶች ጋር ተጠጋግተው ተቀምጠው ሳለ መንገዱ ድንገት ተጠመዘዘ፤ የጎማ ዛፎቹ አለቁና ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። የተራራ ልጅ ናት። ውሃ ለእሷ ከላይ ወደ ታች የሚሮጥ፣ ተሻግረውት የሚያልፉት ነገር ነበር። ይኼኛው ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው ተኝቶ ይተነፍሳል። ሳታስበው የፓኪንን እጅጌ ጨበጠች። እሱም እጁን በቦርሳው ስር አሳልፎ፣ ማንም ሳያይ፣ ጣቶቿን ያዘ።

"አመጣሁሽ አይደል?" አላት በሹክሹክታ።

ማንም ሳያይ መሆኑ ያን ጊዜ አልከበዳትም። የተደበቀ ፍቅር ይጣፍጣል፤ በተለይ የሚገለጥበት ሰዓት ሲቃረብ።

ፓኪን በደቡብ ያለው የትራንግ ባህር ዳርቻ ሰው ነው። እናቱ ወይዘሮ ሱማሊ ጀልባዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች አሏቸው። ባላቸው ሲሞቱ ሥራው ቀዘቀዘባቸውና አንድ ልጃቸውን ወደ ሰሜን ላኩት፤ እንግዶችን ከተራራ ተነስቶ ደሴቶቹ ላይ የሚያደርስ፣ ሌላው ዘንድ የሌለ ጉዞ እንዲያዘጋጅ። እሱም ከሜ ቻም በላይ ባለው የካረን ብሔረሰብ መንደር፣ የኖሙ አባት ቾዴ ቤት አረፈ። ኖሙ ደግሞ የመንደሩ መንገድ መሪ ነበረች፤ እንግዶችን በጫካው ታሻግራለች፣ በቀርከሃ ታንኳ ወንዙን ታወርዳለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ሩዝ ማሳው ጭቃ ውስጥ በደረቱ ተደፋ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። የኖሙ እናት "ይሄ የቆላ ልጅ እንደ ጎሽ ነው፤ የወደቀበት ይመቸዋል" ብለው አፌዙበት። እውነትም ተመቸው። ክረምቱን ሙሉ ችግኝ ሲተክል፣ የሚያቃጥል በርበሬያቸውን እያለቀሰ ሲበላ፣ በቋንቋቸው ሲኮላተፍ ከረመ። ለሥራ ወደ ከተማ ሲወርድ፣ አትክልት በሚያመላልሰው መኪና ደብዳቤ ይልክላት ነበር። ኖሙ ባዶውን የጎመን ቅርጫት ታገላብጥና ወረቀቱን ታገኛለች። "ዛሬ ሰው የበዛበት ገበያ ውስጥ ቆሜ የአንቺን ዝምታ ናፈቅሁ" ብሎ ጽፎላት ያውቃል። ወረቀቱ ጎመን ጎመን ይሸት ነበር፤ እሷ ግን ደረቷ ውስጥ ይዛው ዋለች።

እናቷ ይህ አልጠፋቸውም። "የቆላ ሰው ተራራ የሚወደው ቁልቁል እስኪያይበት ነው" አሏት አንድ ቀን፣ ክር እየፈተሉ፣ ቀና ሳይሉ። ኖሙ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ከዚያ ብርዱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጫካ ወሰደችው። እዚያ አገር ልጅ ሲወለድ አባትየው እትብቱን በቀርከሃ ቁራጭ ከቶ ከሕያው ዛፍ ጋር ያስረዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዛፉና ልጁ አንድ ነፍስ ናቸው። ዛፉ ከተቆረጠ ሰውየው ይታመማል፤ ሚስማር ከተመታበት ሰውየው ይቆስላል። የራሷን ዛፍ አሳየችው፤ ግንዱ ወፍራም፣ ቅርፊቱ ለስላሳ ነው።

"እዚህ እንግዳ አይገባም" አለችው። "ለውጭ ሰው አይወራም፣ አይታይም።"

"ታዲያ እኔን ለምን አመጣሽኝ?"

"አንተን እንግዳ ስላላልኩህ።"

ፓኪን ግንባሩን ከግንዱ ጋር አጋጥሞ ብዙ ቆየ። ሲመለሱ፣ የሚያዘጋጀው ጉዞ ባህሩ ላይ ሲያልቅ ከእናቱ ፊት አስቀምጧት "ይቺ ናት" እንደሚል ማለላት። የኖሙ ሥራ ተራራው ግርጌ ላይ ያበቃ ነበር። ከእንግዶቹ ጋር በባቡር አገሩን ከጫፍ ጫፍ አቋርጣ ደሴቶቹ ድረስ የመጣችው ለዚህ ቃል ስትል ነው። እና አሁን፣ ባህሩን እያየች፣ ጣቶቿ በጣቶቹ ውስጥ ሆነው፣ በሕይወቷ እንዲህ ሙሉ ሆና እንደማታውቅ ተሰማት።

*

ጀልባ ነጂው ሐሊም ሰው ሳይተርብ ውሎ የማያድር የደሴቱ ተወላጅ ነው። ኖሙ እጇን ባህሩ ውስጥ ነክራ ጣቷን ስትልስ አያትና "ምነው ተራራዋ፣ ጨው በዛበት?" አላት።

"ወጥ ሠሪው ማን ነው?" አለች ፊቷን አጨማዳ። ጀልባው ሙሉ ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ መምህርት ራትሪ። ጡረታ የወጡ የባንኮክ አስተማሪ ናቸው፤ ከተራራው ጀምሮ ኖሙን እንደ ልጃቸው ይዘዋት ነበር።

የዚያን ቀን ጉዞ ወደ ዋሻ ነው። ከገደሉ ግርጌ ጀልባ የማያስገባ ጠባብ አፍ አለ። ባህሩ ሲጎድል በዋና ይገባበታል፤ ሲሞላ ይዘጋል። ሁሉም የዋና ጃኬት አጠለቁና አንዱ የሌላውን ማሰሪያ ይዞ እንደ ሰንሰለት ተያያዙ። መብራት የያዘው ሐሊም ፊት ሆነ። ዋና የማትችለው ኖሙ ፓኪንን ያዘች። ወዲያው ጨለማ ዋጣቸው። ዐይን ቢከፈት ቢዘጋ አንድ ነው፤ የሚሰማው ውሃው ከድንጋዩ ጋር የሚጣላው ብቻ ነው። ፈራች፤ ግን አልጮኸችም። "አለሁ፣ አለሁ" ይላታል እሱ ከፊቷ። እሷም በዚያ ድምፅ ላይ ሙሉ ክብደቷን ጥላ ተከተለችው።

ከዚያ ብርሃን ሆነ። ዋሻው ዙሪያውን በገደል የታጠረ፣ ከላይ ሰማይ የተከፈተበት፣ አረንጓዴ ውሃና ነጭ አሸዋ ያለበት ጓዳ ላይ አወጣቸው። ኖሙ አሸዋው ላይ ተንበርክካ እንደ ሕፃን ሳቀች። ፓኪን አያት፤ ያ አስተያየት ብቻውን ደብዳቤ ነበር።

እሱ እንግዶቹን ፎቶ ሊያነሳ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። መምህርት ራትሪ ከጎኗ መጥተው ተቀመጡና ፀጉራቸውን እየጨመቁ፣ በሚመጣው የብርድ ወቅት ዳግም ወደ ተራራው ሊመለሱ እንደሆነ አጫወቷት። ስማቸውን አስመዝግበዋል፤ ሌሎቹም እንደዚሁ።

"እንዲያው ዛፍ ላይ መተኛት በዚህ ዕድሜዬ ያስቃል" አሉ። "ግን እትብት በታሰረበት ዛፍ ላይ ማደር የትም አይገኝም። ዛፎቹ ላይ የሚሠሩትን አልጋዎች ሥዕል ፓኪን በባቡሩ ውስጥ አሳይቶናል፤ አንቺ ተኝተሽ ነበር። የመጀመሪያው በአንቺ ዛፍ ላይ ነው አለን። እንዴት ያለሽ ቸር ልጅ ነሽ።"

መምህርት የኖሙን ፊት አዩና የተናገሩት ነገር ገባቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "አታውቂም ነበር?" አሉ ቀስ ብለው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። የወደቀ ሰው ግን ቢያንስ መሬት ይቀበለዋል፤ ኖሙ እየወደቀች መሬቱን አጣችው። ተነስታ ወደ ፓኪን ሄደች። እንግዶቹ አጠገባቸው ስለነበሩ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ፒ ፓኪን" አለችው፤ በዚያ አገር ታላቅ ወንድምንም፣ የልብ ሰውንም የሚጠሩበት ቃል ነው። "ለመምህርት የነገርካቸው እውነት ነው?"

"ምን አሉሽ?"

"ምን እንዳሉኝ አልጠየቅሁህም። እውነት ነው ወይ?"

ፓኪን እንግዶቹ ሰምተው እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። መዞሩ መልስ ሆነላት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረ። እናቱ "ዓመት ሙሉ ተራራ ላይ ቆይተህ ምን ይዘህ መጣህ?" ብለው እንዳፋጠጡት፣ ባዶ እጁን ቆሞ ስለ እሷ ማንሳት እንዳልቻለ፣ መጀመሪያ ደስ ካሰኛቸው በኋላ ሁሉን ሊነግራቸው እንዳሰበ። ዛፎቹ እንደማይቆረጡ፣ ጥቂት ሚስማር ብቻ እንደሆነ።

"ለእኛ ብዬ ነው" አላት። "እናቴ በሩን እንድትከፍትልን።"

"በሩን በእኔ ከፈትከው" አለች ኖሙ። "እኔን ግን ውጭ አቆምከኝ።"

ሐሊም ባህሩ መሙላት ጀምሯል ብሎ ተጣራ። ሰንሰለቱ እንደገና ተያያዘ። ፓኪን ጀርባውን ሰጥቶ እንድትይዘው ጠበቀ። አልያዘችውም። አንድ እጇን በዋሻው ግድግዳ ላይ አድርጋ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ለብቻዋ ገባች። ድንጋዩ ሸካራ ነው፤ ድንጋይ ታውቃለች። እኩሌታው ላይ ግን ማዕበል ገፋና ከግድግዳው ነጠላት። እጇ ባዶ ውሃ ጨበጠ፤ የሐሊም መብራት ርቋል፤ አፏ ጨው ሞላ። ያን ጊዜ አንድ ክንድ ከጨለማው ወጥቶ አፈፍ አደረጋት። ሳታየው አወቀችው። ወደኋላ ቀርቶ ሲጠብቃት ነበር።

እጁን አልያዘችም። የጃኬቱን ማሰሪያ ያዘች። እሱም እየጎተታት፣ በጨለማው ውስጥ፣ እያለቀሰ ተናገረ። "ዛሬ ለእናቴ እነግራታለሁ። ዛፎቹ እንደማይሆኑ። አንቺም ማን እንደሆንሽ። እመኚኝ።"

ብርሃኑ ላይ ሲወጡ ፊቷ ርሷል፤ ከባህር የወጣ ሰው ማልቀሱን ማን ይለይበታል? የሚያሳፍራት ማልቀሷ አልነበረም። እንደገና ተስፋ ማድረጓ ነበር።

*

ወይዘሮ ሱማሊ የመጨረሻውን እራት ለእንግዶቹ ባህሩ ፊት ለፊት ባለው ቤታቸው አዘጋጁ። ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ኖሙ ያላገቡ የካረን ሴቶች የሚለብሱትን ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ እናቷ ለዚህ ቀን የሸመኑላት ነው። መዳፎቿን አጋጥማ ጎንበስ አለች። አሳንሰው የሚያዩ ሴት ጠብቃ ነበር። ወይዘሮ ሱማሊ ግን እጇን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት፤ ቢጫውን ኮምጣጣ የዓሣ ወጥ ራሳቸው ጨለፉላት።

"ቀስ ብለሽ ብዪ፣ የእኛ ወጥ ያቃጥላል" አሏት።

"የእናቴን አያህልም" አለች ኖሙ፤ ሳቁላት።

"ዛፎቹን የሰጠሽን ልጅ አንቺ ነሽ አሉ" አሉ ቀጥለው። "ይህን ቤት ያተረፍሽው አንቺ ነሽ።"

መምህርት ራትሪ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ኖሙ ፓኪንን አየችው። እሱ ውሃ ጠጣ።

"እማ፣ ስለ ዛፎቹ ትንሽ ማሰብ ሳይኖርብን አይቀርም" አለ።

"ስለ ምኑ?" አሉ እናቱ። ልጃቸውን አዩት፤ ነጭ ለባሿን አዩ፤ እንደገና ልጃቸውን አዩት። የሰው ፊት ማንበብ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ለሰለሰ። "ወይስ ሌላ የምትነግረኝ ነገር አለ? እስቲ ንገረኝ፣ ይቺ ልጅ ምንህ ናት?"

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚቀረው አንድ እርምጃ መራመድ ብቻ ነው። ፓኪን እንግዶቹን አየ፤ እናቱን አየ፤ ከዚያ ሳህኑን አየ።

"መንገድ መሪያችን ናት፣ እማ" አለ። "ካሉን ሁሉ ጎበዟ።"

ዋሻው ውስጥ ያጣችውን መሬት ኖሙ አሁን አገኘችው። ቀዝቃዛና ጠንካራ ነበር፤ ግን ያስቆማል። ማንኪያዋን በቀስታ አኖረች፤ ወደ ወይዘሮ ሱማሊም ዞረች።

"ወይዘሮ፣ ዛፎቹን እኔ አልሰጠሁም" አለች። "የምሰጣቸውም አይደሉም። እያንዳንዱ ዛፍ ላይ አንድ ሰው አለ። አባቴ አለ። የጎረቤታችን አራስ ልጅ አለች፤ ገና ስም አልወጣላትም። እኔም አለሁ። ሚስማሩ ሲመታ የሚመታው እኛ ላይ ነው። ወጥዎ ይጣፍጣል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዶችን ወደዚያ ግን አልመራም፤ ማንም እንዲመራም መንደሩ አይፈቅድም።"

ወይዘሮ ሱማሊ ፊታቸው ተለወጠ። "ይህን ታውቅ ነበር?" አሉት ልጃቸውን።

"እንዲህ ከባድ መሆኑን አላወቅሁም" አለ ፓኪን።

ኖሙ ከዚያ ቀን በፊት ውሸቱን ሰምታ አታውቅም፤ ወይም ውሸት መሆኑን አታውቅም ነበር። በዚያች ቅጽበት በጎመን ቅርጫት የመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ አንድ በአንድ በልቧ ውስጥ ተገለጡና፣ የትኛው ቃል እውነት እንደነበር መለየት አቃታት። ይህ ከመካዱም በላይ አመማት።

*

በማግስቱ ጠዋት የጀልባው መቆሚያ ላይ ደረሰባት። ዐይኖቹ አብጠዋል። ኖሙ በሐሊም ጀልባ ለመሄድ ተሳፍራለች፤ ሐሊም ነገሩ ስለገባው ሞተሩን የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

ፓኪን እናቱ የተናገሩትን አደረሰላት። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሳይፈቅዱ አንድ ሚስማር አይመታም ብለዋል፤ እሱ ራሱ ወጥቶ ይቅርታ እንዲጠይቅም አዘዋል። ስለ እሱና ስለ እሷም ነግሯቸዋል።

"መቼ?" አለችው።

"አንቺ ከሄድሽ በኋላ።"

"እኔ በሌለሁበት።"

"ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ጠይቄህ አልነበር?' ነው ያለችኝ።" ድምፁ ተሰበረ። "ኖሙ፣ ፈሪ ነኝ። አውቃለሁ። ግን እወድሻለሁ፤ ይሄም አይካድም።"

"አልተካደም" አለች። እውነቷን ነበር። አስከፊው ነገር ይሄ ነው፤ ይወዳት ነበር።

እሱ ጀልባውን በእጁ ያዘ። ሽማግሌዎቹ እንደሚጠይቋት ተናገረ። እያወቀ ያደረገው መሆኑን ከሰሙ መንደሩ ለዘላለም ይዘጋበታል። ሳያውቅ ነው ብትላቸው ግን ይቀጡታል፣ ያስምሉታል፣ ኋላም ይምሩታል። ያኔ እሱ በአባቷ ደጅ ተንበርክኮ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቅ ይችላል።

"አንዲት ቃል ብቻ" አላት። "አያውቅም ነበር በያቸው። ለእኔ ሳይሆን ለእኛ።"

ኖሙ በጀልባው ጠርዝ ላይ ያለውን እጁን አየችው። ሩዝ የተከለ እጅ ነው። በጨለማ ውስጥ የሞትን አፍ ከፍቶ ያወጣት እጅ ነው። ልትነካው ፈለገች፤ ፍላጎቷም ከንዴቷ የበለጠ አስፈራት።

"ሐሊም፣ እንሂድ" አለች።

እጁን እስኪያነሳ ድረስ ሐሊም ሞተሩን አላስነሳም። ውሃው በመካከላቸው እየሰፋ ሲሄድ እሺም እምቢም አላለችውም ነበር፤ እሱም እዚያው ቆሞ፣ ዝምታዋን እንደ እሺታ ይዞ ቀረ።

*

በባቡሩ ውስጥ፣ ከዚያም ወደ ተራራው በሚወጣው መኪና ላይ፣ ያቺን ቃል በአፏ ውስጥ አገላበጠቻት። አያውቅም ነበር። ቀላል ናት። ማንንም አትገድልም። ዛፎቹ ተርፈዋል፤ እናቱ ተቀብለዋታል፤ የቀረው እሷ ይህችን ማለቷ ነው። አንዳንዴ እንደምትላት እርግጠኛ ትሆንና ልቧ ይሞቃል፤ እንደገና ሳህኑን ሲያይ ያየችው ፊት ይመጣባታል።

ሽማግሌዎቹ በአባቷ ቤት ተሰበሰቡ። ማንም አልተቆጣትም፤ ያ ደግሞ ከቁጣ ከበዳት። ጫካውን ያሳየችው እሷ መሆኗን ራሷ ተናገረች። የሚገባውን ዶሮ አርደው፣ ክር በእጇ ላይ አስረው፣ ከዛፉ ጋር እንደሚያስታርቋት ነገሯት። እናቷ ጥግ ተቀምጠዋል፤ "ብዬሽ ነበር" አላሉም። የመንደሩ ታላቅ ሽማግሌ የትምባሆ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ።

"ያ ልጅ እዚህ ቤት ከእኛ ጋር በልቷል፤ እኛም እንደ ልጅ አይተነዋል" አሉ። "ሳያውቅ የሳተ ሰው መንገድ ይታየዋል። ስለዚህ አንቺን እንጠይቃለን፤ የምትይንም እናምናለን። ሲያደርገው ያውቅ ነበር?"

አባቷ ቾዴ አቀረቀሩ። ልጃቸውን ያውቃሉ፤ ምን ያህል እንደወደደችውም ያውቃሉ።

ኖሙ አፏን ከፈተች። ቃሏ ተዘጋጅታ ነበር፤ ከምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ግንባሩን ከግንዱ ጋር አጋጥሞ የቆመበትን ያን ከሰዓት በኋላ አየችው። ያን ጊዜ እውነተኛ ነበር። ያን ጊዜ አምኖ ነበር። አያውቅም ነበር ብትል፣ ያ ቀን አልነበረም ማለት ነው፤ ከፍቅራቸው ውስጥ እውነት የነበረችውን አንዲቷን ነገር በገዛ አፏ መካድ ነው።

"ያውቅ ነበር" አለች። "ነግሬዋለሁ። ገብቶታል።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፒፓቸውን ወደ አፋቸው መለሱ። ነገሩ አለቀ።

እናቷ ከጥጉ ተነስተው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ኖሙ አላለቀሰችም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እሱ ከዳት እንጂ እሷ አልተለየችውም ነበር። አሁን ግን ተለየችው፤ የተለየችውም በጥላቻ አይደለም። እስከዚያች ቃል ድረስ ምን ያህል እንደወደደችው የገባት፣ ቃሏ ከአፏ ከወጣች በኋላ ነው።